ጋሼ ታጠቅ፣ ፍሪሲዮንና የደገኛው ዱላ

የአጎቴ የአቶ ታጠቅ የሕይወት ታሪክ በቀብራቸው ዕለት ሲነበብ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። የተወለዱበት ቀበሌ፣ የነዷቸው ትራክተሮች፣ በዕድር የነበራቸው አገልግሎት፣ ሁሉም በቅደም ተከተሉ ተቀምጧል። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅደር መጠበቅ ስለሆነ አንድም የዓመተ ምሕረት ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ውሻዋ የለችበትም። አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፌላት ነበር፤ የዕድሩ ሊቀ መንበር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሰው ቆሞ እያለቀሰ ስለ ውሻ አይነበብም» ብለው ሰረዙት። ያን ቀን የምከራከርበት አቅም አልነበረኝም። አሁን ግን እመልሰዋለሁ፤ ውሻዋ የሌለችበት የጋሼ ታጠቅ ታሪክ ጎዶሎ ነውና።

ጋሼ ታጠቅ በኮኪት ዙሪያ ባለው የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ዕድሜያቸውን በትራክተር ላይ የፈጁ ሰው ነበሩ። ሰውን እንደ ማሽን፣ ማሽንን እንደ ሰው ያናግራሉ። ጎረቤት «እንዴት አደሩ?» ሲላቸው፣ «ሞተሩ ደኅና ነው፣ ጎማው ነው ያለቀ» ብለው ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ። ትራክተሯን ጭቃ ሲይዛት ደግሞ ወርደው ፊት ለፊቷ ይቆሙና፣ «እመቤቴ፣ ምን አስቀየምሁሽ?» ይሏታል። ባለቤታቸው እትዬ አለምነሽ ካረፉ በኋላ ግን ይህ ጨዋታ እየቀነሰ ሄደ። እኔ የምሠራው ገንደ ውሃ በመሆኑ ኮኪት የምመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። በሌላው ቀን የሚያናግሩት ትራክተሯን ብቻ ነበር፤ እሷም ከጊዜ በኋላ ተሸጠች።

ውሻዋ የመጣችው ትራክተሯ ከመሸጧ ትንሽ ቀደም ብላ ነው። የሰሊጥ አጨዳውና የማሽላ ቆረጣው ሲያልቅ የእርሻ ካምፕ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ሠራተኛው ወደ ደጋ፣ ባለሀብቱ ወደ ጎንደር፣ በርሜሉና ሸራው ወደ መጋዘን ይሄዳል። ካምፑን ሲጠብቅ የከረመውን ውሻ የሚጭን ግን የለም። ጋሼ ታጠቅ ከአንዱ ካምፕ የመጨረሻውን ዕቃ ሊያነሡ ሄደው ይህችን ውሻ ባዶ የዘይት ጀሪካን ስትልስ አገኟት። ሰዎች ዛሬ ሲያወሩ ጅብ ታህል ነበር ይላሉ። አልነበረችም። ከፍየል ትንሽ ትበልጣለች፤ መልኳ የደረቀ የማሽላ አገዳ ይመስላል፤ ግራ ጆሮዋ ይቆማል፣ ቀኙ ይወድቃል። ጋሼ ታጠቅ «ራሷ ዘላ ተሳቢው ላይ ወጣች» ይሉ ነበር። በኋላ በጨዋታ መሀል እንዳመኑልኝ ግን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ነው የጫኗት።

ስሟን ፍሪሲዮን አሏት።

«ምን ዓይነት ስም ነው ጋሼ?»

«ስትይዝ አትለቅም፣ ስትለቅ አትይዝም። ልክ እንደ አሮጌዋ ትራክተሬ ፍሪሲዮን።»

መጀመሪያ ላይ ያየነው መያዟን ብቻ ነበር። ፍሪሲዮን ሰው አትጠላም። የምትጠላው ዱላ ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሌባ ቢገባ ጅራቷን እየቆላች የምትሸኘው ይመስለኛል፤ ዱላ የያዘ ሰው ግን ቄስም ይሁን ፖሊስ ሱሪው ይቀደዳል። ካምፑ ውስጥ ምን እንደደረሰባት ወገቧ ላይ ያለው ጠባሳ ይናገራል።

ይህ በሌላ አገር ቀላል ችግር ይሆን ነበር። ወደ ኮኪት ግን አጨዳ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር የሚወርደው ሠራተኛ እንደ ጎርፍ ነው። ያ ሁሉ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በዱላው ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ደገኛ ብርድ ልብሱን ቢረሳ ዱላውን አይረሳም።

መጀመሪያ የተቀደደው የሀጂ መሐመድ ጀለቢያ ነው። ሀጂ መሐመድ ግድግዳ የሚጋሩን፣ እስከ መተማ ዮሐንስ ድረስ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መስጊድ ሲሄዱ ደረሰችባቸው። ጋሼ ታጠቅ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሄዱ ሀጂ የተቀደደውን ጨርቅ ዘርግተው ጠበቋቸው።

«ታጠቅ፣ ይህች ውሻህ ልብስ ሰፊ ዘመድ አላት እንዴ? ሥራ እየፈጠረችለት ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ ሀጂ። ፍሬኗ ላልቶ ነው።»

«ፍሬኗ ከላላ እንዴት እኔ ላይ ስትደርስ ቆመች?»

ሌላም ሱሪ ተቀደደ፤ ሌላም። በመጨረሻ የሰፈሩ ሰው ግቢያችን ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። የሰፈሩን ጸጥታ የሚጠብቀው፣ እንዳለው የሚባል፣ ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወልቅ ቁጡ ሰው፣ ነገሩን አሳጠረው። «አንድ ሠራተኛ ብትነክስ ሺህ ዱላ ነው የሚነሣብን። ሠራተኛው መውረድ ሳይጀምር ከታረመች ታረመች። ካልታረመች መርዙን ራሴ አስቀምጥላታለሁ።»

ጋሼ ታጠቅ ሰው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። ጭቃ ውስጥ ሌሊቱን ያድራሉ እንጂ የሰው ትራክተር ጎትቶ እንዲያወጣቸው አይጠይቁም ነበር። ያን ቀን ግን ቆባቸውን አውልቀው ተነሡና፣ «እባካችሁ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ።

በማግሥቱ የእንስሳት ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ውሻዋን ልትከትብ መጣች። መርፌውን ከወጋች በኋላ ችግሩን ሰምታ፣ «አይምቷት፤ አይጩኹባት» አለች። «ዱላ ባየች ቁጥር የምትወደውን ነገር ይስጧት። ዝም ስትል ወዲያው ይሸልሟት። ዱላ ማለት ጥሩ ነገር ማለት ነው ብላ ታምናለች።»

«ሽልማት?» አሉ ጋሼ። «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሳርስ አንድ የምስጋና ወረቀት የሰጠኝ የለም። እሷ ሰው ስላልነከሰች ሥጋ ልትሸለም?»

«እርስዎ ሳይሸለሙም አይናከሱም። እሷ ገና ተማሪ ናት።»

«እሺ፣ ቋንጣ አለኝ።»

«ጥሩ። ዱላውን በአንድ እጅዎ ይያዙ፤ ቋንጣውን በሌላው እጅዎ ይስጧት። በእጅዎ።»

ቅዳሜ ስለነበር እኔም እዚያው ነበርሁ፤ «በእጅዎ» ማለቷን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሼ ታጠቅ ግን ለጣቶቻቸው ሳሱ። ኤልሳቤጥ ከግቢው እንደወጣች ቋንጣውን በሲባጎ ከዱላው ጫፍ ላይ አሰሩት።

«በእጅ ነው የተባለው እኮ ጋሼ።»

«ዱላ ምንድን ነው? የእጅ ቅጥያ ነው» አሉኝ።

ፍሪሲዮን ከኒሙ ጋር በሰንሰለት ታስራ ነበር። ዱላው ወደ እሷ ሲንቀሳቀስ ጥርሷን አወጣች። ከዚያ ሽታው አፍንጫዋ ገባ። በግማሽ ፊቷ እያጉረመረመች በግማሹ ምራቋ ወረደ፤ የፊት እግሯ ወደፊት ሲል የኋላ እግሯ ወደኋላ ይላል። «የፊትና የኋላ ማርሽ ባንዴ ገባባት» አሉ ጋሼ። ቋንጣዋን ሞጭልፋ ወደ ኋላ ዘለለች። በሚቀጥለው ቀን ማጉረምረሙ አጠረ። ከዚያ ወዲያ ዱላ ስታይ መጀመሪያ የምታየው ጫፉን ሆነ።

የዱላ ያዥ ግን አንድ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ኤልሳቤጥ ሌላ ሰውም መልመድ አለባት ብላለች። ፈቃደኛ ሰው ጠፋ። በስተመጨረሻ ብቅ ያሉት ሀጂ መሐመድ ናቸው።

«እኔ እመጣለሁ፤ ግን ከሶላት በኋላ ነው። ለሶላት ታጥቤ፣ ዉዱእ አድርጌ ሳለሁ ምላሷ እንዳይነካኝ።»

ስለዚህ ሀጂ በየቀኑ ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት ሲመለሱ አጥር ማዶ ይቆሙና፣ ጫፉ ላይ ቋንጣ የታሰረበትን ምርኩዛቸውን በአጥሩ ላይ ወደ ውስጥ ይዘረጋሉ። «ያ ፍሪሲዮን! ተዓሊ!» ይሏታል፤ ነይ ማለታቸው ነው። ውሻዋ እንዳትዘል ምርኩዙን ከፍ ያደርጉታል። ቁጭ ስትል ዝቅ ያደርጉላታል። በዚህ ዓይነት ፍሪሲዮን አንድ ነገር አወቀች፦ ዱላ ወደ ላይ ከወጣ ቁጭ ማለት፤ ቁጭ ካሉ ዱላው ሥጋ ይዞ ይወርዳል።

የማመስገኛ ቃል አንድ መሆን አለበት ተብሎም ነበር። ጋሼ «ሞተሩ ተነሣ!» ማለትን መረጡ። ሀጂ «ማሻአላህ!» አሉ። ተከራከሩ።

«ውሻ አረብኛ ምን ያደርግላታል ሀጂ?»

«ሞተርስ ምን ያደርግላታል? ልትነዳው ነው?»

ማንም አልተረታም። ፍሪሲዮን ሁለቱንም ተማረች። እንዲያውም ሀጂ ከሉካንዳ ጉበት ማስመጣት ጀመሩ። ጋሼ ታጠቅ «ትምህርት ቤቱን በጉበት ወሰዱብኝ» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ቅዳሜ ስመጣ ሁለቱን ሽማግሎች አጥር ለአጥር ሲነታረኩ አገኛቸዋለሁ። ጋሼ ታጠቅ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እትዬ አለምነሽ ካረፉ ወዲህ ያን ትከሻ አላየሁትም ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ፍሪሲዮን ሰንሰለቷ ተፈታ። ዱላ የያዘ ሰው ሲያልፍ ትሮጣለች፤ ስትደርስ ግን ቁጭ ትላለች። እንዳለው ራሱ መጥቶ በዱላ ፈተናትና፣ «እናያለን፣ ገና ገበያው አልሞላም» ብሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ቢቆሙ መልካም ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ታጠቅ ቋንጣ የታሰረበትን ዱላ አጥር ላይ አስደግፈው ረሱት። ፍሪሲዮን ሲባጎውን መፍታት ስላቃታት ዱላውን እንዳለ በአፏ ይዛ አመጣችላቸው። ጋሼ በደስታ ሊሞቱ። «ረዳት ሆነች! ነገ ቁልፍ ታቀብለኛለች!» ብለው እጥፍ ሸለሟት። ለኤልሳቤጥ በስልክ ሲነግሯት ግን እሷ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ የሸለሙትን ነገር ነው ደግማ ደጋግማ የምታመጣው። ይህን አስበውበታል?»

«ምርኩዝ ማምጣት ምን ክፋት አለው? ሳረጅ ትጠቅመኛለች።»

ያን ጊዜ ሰባ አልፏቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሀጂ መሐመድ ምርኩዝ ከመስጊዱ ደጃፍ መጥፋት ጀመረ። ሀጂ መፈለጉን ትተው በቀጥታ ወደ እኛ በር ይመጣሉ። «ታጠቅ፣ ምርኩዜ ደረሰች?» «ደርሳለች ሀጂ፣ አሁን ገባች።» ጋሼ ታጠቅ ይህ ነገር ከእንዳለው ጆሮ እንዳይደርስ ለምነዋቸዋል። ሀጂም፣ «እኔ ሰጠኋት እንጂ አልሰረቀችም» እያሉ ይሸፍኑላት ነበር።

ሠራተኛው ወረደ። መንገዱ በዱላ ተሞላ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ከጎጃም የመጣ ጎልማሳ ፍሪሲዮን ስትሮጥበት አይቶ ዱላውን ወደ ሰማይ አነሣ። እሷ ፊቱ ቁጭ አለችና የዱላውን ጫፍ አየች። ሰውየው ዱላውን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለ ጋሼ ታጠቅን።

«ቋንጣ።»

«ቋንጣ? እኔ ራሴ ቋንጣ ፍለጋ አይደል እንዴ ከጎጃም የወረድሁ!»

የአገር ልጆቹ ሳቁበት። እንዳለው ግን ከሩቅ ቆሞ እያየ አልሳቀም።

ነገሩ የለየለት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ሁሪያ ዋናው መንገድ ላይ የሠራተኛ ምግብ ቤት አላት። ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ አንድ ጊዜ ትከሻው ላይ ዱላ አጋድሞ የነበረ ሰው «ማን ጠራኝ?» ብሎ ዞር ሲል የብርጭቆ መደርደሪያዋን አውርዶባታል። ስለዚህ በላተኛው ሁሉ ዱላውን ውጭ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይገባል። እኔ ለምሳ ፉል ልገዛ ገብቼ ነበር። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ጎጃሞች፣ ከጎናቸው ወሎዬዎች ተቀምጠዋል። ጠቡ የተነሣው በማር ነው።

«የጎጃም ማር ያልቀመሰ ሰው ማር በላሁ አይበል» አለ ያ የቋንጣው ጎልማሳ።

«እናንተ ዘንድ ያለው ንብ ነው ወይስ ስኳር ፋብሪካ?» አለ አንድ ቀጭን ወሎዬ።

«ንባችንን ሰደብህ?»

«ንቡን አልሰደብሁም። ባለ ንቡን ነው።»

ከንቡ ወደ ባለ ንቡ፣ ከባለ ንቡ ወደ ባለ ንቡ አባት ተሻገረ። ወንበር ወደቀ። ሁሪያ በጭልፋዋ ጠረጴዛ እየደበደበች፣ «ውጭ! ውጭ ተጋደሉ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ዱላውን ሊያነሣ ተጋፍቶ ወጣ። እንዳለው ከማዶ ፊሽካውን እየነፋ መጣ፤ የሰማው ግን አልነበረም። እኔ ከሁሪያ ጀርባ ሆኜ ዐይኔን ጨፈንሁ።

የዱላ ድምፅ አልሰማሁም። ዐይኔን ስገልጥ ሁሉም ባዶውን ግድግዳ አፍጦ ያያል። አንድም ዱላ የለም።

«ዱላዬስ?» አለ ጎጃሜው። አንድ እጁን ለቡጢ እንዳነሣ በሌላው ግድግዳውን ይዳብሳል። «እናንተ ናችሁ የወሰዳችሁት!»

«የኛም እኮ የለም!»

«አትዋሽ!»

«ይኸው ፈትሸኝ! ዱላ በኪስ ይያዛል እንዴ?»

ጎጃሜው አሰበና ቡጢውን አወረደ። «የአባቴ የወይራ ዱላ ነበር» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። ወሎዬውም፣ «የኔ ደግሞ ከአገሬ እስከዚህ በእግር ያደረሰችኝ ናት» አለ። ከዚያ አንዱ አቧራው ላይ የተሳለውን መስመር አየ። ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ፣ መንገዱን አቋርጦ ወደ እኛ ሰፈር ይሄዳል። ብዙ መስመር ነው፣ ጎን ለጎን፣ ዘር እንደተዘራበት ትልም።

መስመሩን አወቅሁት። ሮጬ ልቀድማቸው አሰብሁ፤ ፉሉ በእጄ ነበር፣ ፈሰሰብኝ።

ሁሉም ተከተለ። ጎጃሞች ከፊት፣ ወሎዬዎች ከኋላቸው፣ እንዳለው በመጨረሻ። በራችን ላይ ስንደርስ ፍሪሲዮን የመጨረሻውን ዱላ ልታስገባ ትታገላለች። ይህኛውን መሀሉ ላይ ነክሳ ስለያዘችው ሁለቱ ጫፎች የበሩን መቃን እየመቱ አላስገባ አሏት። ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ተንደርድራ ትመጣለች፤ ጓ! እንደገና ወደ ኋላ፤ ጓ! ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አያት። በስተጀርባዋ፣ ጋሼ ታጠቅ የገመድ አልጋቸው ላይ ከተኙበት ራስጌ፣ የዱላ ክምር ቆሟል።

ጓጓታው ቀሰቀሳቸው። በሩን የሞላውን ሰው አይተው፣ «ሠራተኛ አልቀጥርም፣ እርሻ የለኝም» አሉ። ከዚያ ክምሩን አዩ። ከዚያ እንዳለውን። ተነሡ፤ ነጠላ ጫማቸውን ሳያጠልቁ መጥተው በእንዳለውና በውሻዋ መሀል ቆሙ። እንደ ኒሙ ሥር ስብሰባ «እባካችሁ» አላሉም።

«አቶ ታጠቅ» አለ እንዳለው ቀስ ብሎ፣ «ተነጋግረናል።»

«ነከሰች?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሀጂ መሐመድ ናቸው፤ ከሶላት ሲመለሱ የጠቡን ወሬ መንገድ ላይ ሰምተዋል።

«አልነከሰችም ሀጂ። ግን ይኸው ሰርቃለች።»

«አንተ በፊሽካህ ዛሬ ስንት ዱላ አስጣልህ?»

እንዳለው ፊሽካውን አየው።

«እሷ ግን ሁሉንም አስጥላለች፤ ያውም ሳትነፋ» አሉ ሀጂ።

ወሎዬው መሳቅ ጀመረ። ጎጃሜው ሊቆጣ ዞረ፤ ሳቁ ያዘውና አብሮት ሳቀ። «እኛ ስለ ማር ስንጣላ እሷ ሠርታ በላች!» አለ። ጭልፋዋን እንደያዘች የተከተለችን ሁሪያም ከመሀል ገብታ፣ «አጨዳው እስኪያልቅ እኔ በር ላይ ትቀመጥልኝ። አጥንቷ በእኔ ነው፤ መደርደሪያዬ ከሰው ይልቅ በእሷ ይድናል» አለች።

ሁሉም እንዳለውን አየ። እንዳለው ጎንበስ ብሎ በሩ ላይ የወደቀውን ዱላ አነሣ። የጋሼ ታጠቅ ትከሻ ሲደነግጥ አየሁት። ዱላው ከፍ አለ።

ፍሪሲዮን ቁጭ አለች። ከጋሼ ታጠቅ እግር መሀል አንገቷን አውጥታ፣ አንድ ጆሮዋን አቁማ፣ የዱላውን ጫፍ ትኩር ብላ አየች። እንዳለው ጠበቀ፤ እሷም ጠበቀች። ሰው ሁሉ ጠበቀ። በነጻ እጁ አንዱን ኪሱን ዳበሰ፤ ሌላውንም ዳበሰ። ፊቱ ቀላ።

«ሁሪያ!» ብሎ ጮኸ በመጨረሻ፣ ዱላውን እንዳነሣ። «ምን ትገተሪያለሽ? አጥንት አምጪ እንጂ!»

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ታጠቅ ከውሻዋ ፊት ዘወር ያሉት።